ስለ ገመድና ስለ ቃል ዋስትና

በአንድ ቋንቋ የተጻፈውን ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ከጥንት ጀምሮ የሊቃውንት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህም ሥራ ብዙ ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ ከተጻፈው የሚበዛው ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ስለ ግጥምና ስለ ታሪክ ትርጓሜ ነው። ገመድ፣ ካስማ፣ መንጠቆ፣ ቋጠሮ ስለሚባሉት የእጅ ሥራ ቃላት የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ትንንሾች ናቸው ተብለው ይናቃሉና። ነገር ግን በግጥም ትርጉም ላይ የሚገኝ ስሕተት ቢበዛ የአንባቢውን ደስታ ይቀንሳል፤ በገደል ላይ ለተንጠለጠለ ሰው በሚነገር ቃል ላይ የሚገኝ ስሕተት ግን ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የተርጓሚን ዕዳ ለመመዘን የፈለገ ሰው ከትልቁ ቃል ይልቅ ትንሹን ቃል ቢመረምር ይሻለዋል።

ስለ ተራራ መውጣት የሚነገሩት የጀርመንኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚመለሱ መጠየቅ ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ግን ሩቅ አይደለም። ወደ ስሜን ተራሮችና ወደ ገርዓልታ ዐለቶች ከሚመጡት እንግዶች መካከል ጀርመኖች አሉ፤ የሚመሯቸውም የአገሩ ልጆች ናቸው። ብዙውን ጊዜ እንግዳው አማርኛ ወይም ትግርኛ አያውቅም፤ መሪውም ጀርመንኛ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ይገናኛሉ። እንግዳው በልቡ በጀርመንኛ ያስባል፣ በአፉ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ መሪውም በእንግሊዝኛ ሰምቶ በአገሩ ቋንቋ ይረዳል። ቃሉ ይህን ሁሉ ወንዝ ተሻግሮ እስኪደርስ ድረስ ሰውየው በዐለቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ ገበያ ጥቂት እልፍ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ተርጓሚ ይኖራሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ተምረዋል፤ በጎልማሳነታቸውም ወደ ጀርመን አገር ሄደው ጥቂት ዓመታት ተቀምጠዋል። እንጀራቸው የነጋዴዎችን ደብዳቤና የዕቃ ዝርዝር መተርጐም ነው። የእኅታቸው ልጅ በስሜን መንገድ መሪ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም እንግዶችን ይዞ ወደ ትግራይ ዐለቶች ይሻገራል። እሱም አንድ ቀን፣ ከእንግዳ የተተወለትን፣ ስለ ገመድ አያያዝና ስለ ዐለት አወጣጥ በጀርመንኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ይዞ መጣና፣ «አጎቴ፣ እዚያ ያለን መሪዎች ሁሉ እንግሊዝኛ እናነባለን፤ ይህን የሚያነብልን ግን አጣን። ቃሉን ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሱልን፣ የከበደውንም በአማርኛ ቢፈቱልን ይጠቅመናል» አላቸው።

ተርጓሚው መጽሐፉን ተቀብለው መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያገኙት ቃል «ፒከል» የሚል ነበር። መዝገበ ቃላቱ ለዚህ ቃል ሁለት ፍች ይሰጣል፤ አንዱ በፊት ላይ የሚወጣ ብጉር ነው፤ ሁለተኛው ዶማ ነው። ተራራ ወጪው በእጁ የሚይዘው ብጉር እንዳልሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ዶማ ነው ቢባል ግን እውነት የሚመስል ሐሰት ይሆናል። ዕቃው በረዶ የሚቆርጡበትና በዳገት ላይ የሚደገፉት፣ ባንድ ወገኑ ሹል፣ በሌላው ወገኑ ጠፍጣፋ የሆነ፣ እጀታ ያለው ብረት ነውና። እንግሊዞች «አይስ አክስ» ብለውታል፤ የበረዶ መጥረቢያ ማለት ነው። ጀርመኑ ዶማ ያየበትን ዕቃ እንግሊዙ መጥረቢያ አየበት።

ሁለተኛው ቃል «ሃከን» ነበር። ይህ ቃል በተራው ጀርመንኛ መንጠቆ ማለት ነው፤ ልብስ የሚሰቀልበትም ዓሣ የሚጠመድበትም በዚሁ ስም ይጠራል። በተራራ ወጪዎች አፍ ግን በዐለት ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ የሚገባ፣ በራሱ ላይ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው። እንግሊዞች መንጠቆ የሚለውን የራሳቸውን ቃል ትተው «ፒቶን» የሚለውን ከፈረንሳይኛ ወስደዋል፤ ደግሞም በቋንቋቸው «ፔግ» ይሉታል፤ ይህም ካስማ እንደ ማለት ነው። ካስማ በአማርኛ ከድንኳን ጋር የኖረ ቃል ነው፤ ተመትቶ የሚገባ፣ ገመድ የሚታሰርበት፣ ነፋስ ሲበረታም የሚይዝ ነው። እንግዲህ የጀርመንኛውን ፊደል የተከተለ ሰው መንጠቆ ብሎ ይሳሳታል፤ ዕቃውን ያየ ሰው ግን ካስማ ብሎ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ቃል «ዛይል» የሚል ነበር፤ ገመድ ማለት ነው። ቀላል መስሎ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ወፍራሙንና ቀጭኑን፣ የሚለጠጠውንና የማይለጠጠውን ለየብቻ እየለየ ስለ ጻፈ፣ ተርጓሚው ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ መርካቶ ወረዱ። መዝገበ ቃላት ስለ ገመድ ሊናገር ይችላል፤ ገመዱን በእጅ ማስያዝ ግን አይችልም።

በመርካቶ ለገመድ አንድ ስም ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚፈልገውን አያገኝም። ጥቅል የሚታሰርበት ሲባጎ አለ፤ ከቆዳ የተበጀ ጠፍር አለ፤ የአጋሰስ ጭነት የሚጠብቅበት መጫኛ አለ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የናይለን ገመድም በየውፍረቱ ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ተርጓሚው ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመው አንዱን ጥቅል ቢያነሡ ባለ ሱቁ፣ «አባቴ፣ ምን ሊያስሩበት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «ሰው ቢንጠለጠልበት የሚችለው የትኛው ነው?» አሉት። ባለ ሱቁም ገመዱን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰና፣ «ለሰው ከሆነስ ከኔ አይውሰዱ። ይህ ለጭነት ነው። ጭነት ቢወድቅ ዋሱ ይከፍላል፤ ሰው ቢወድቅ ማን ይከፍላል?» አላቸው።

ይህ ሰው ስለ ትርጓሜ ሥራ የተማረው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም የሥራውን ሕግ በአጭር ቃል ተናገረ። ገመድ ከመሸጡ በፊት የሚሸከመውን ይጠይቃል። ተርጓሚም ቃል ከመምረጡ በፊት ቃሉ የሚሸከመው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ለጭነት የሚበቃ ቃል አለ፤ ለሰው የሚበቃ ቃልም አለ።

ስለ ባዕድ ቃል ደግሞ ከመርካቶ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። የገበያው ስም ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በጣልያንኛ መርካቶ ማለት ገበያ ማለት ስለ ሆነ፣ መርካቶ ገበያ የሚል ሰው ገበያ ገበያ ማለቱ ነው። ጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን የአገሩን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ እነሱ ሄዱ፤ ስሙ ግን ቀረ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ፌሮ የሚባሉትም ስሞች ከዕቃው ጋር መጥተው ከዕቃው ጋር ቀሩ። ካቻቢቴ የሚጠይቅ አናጢ ጣልያንኛ እናገራለሁ ብሎ አያስብም፤ የሚይዘውን ዕቃ ይጠራል እንጂ። ምናለሽ ተራ ሲደርስም ያንኑ አሮጌ ብረት ሰው ቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሲያደርገው ያያል፤ ቃልም እንዲሁ በእጅ ብዛት የአገር ይሆናል።

እንግሊዞችም በተራራ ቃላት ይህንኑ አድርገዋል። አልፕስ የተባሉት ተራሮች የቆሙት ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ በሚናገሩ ሕዝቦች መካከል ነው። እንግሊዞች ግን በ1857 በሎንዶን ከተማ ከሁሉ በፊት የተራራ ወጪዎችን ማኅበር አቋቋሙ፤ በተራራው ላይ የሚመሯቸው የአልፕስ መንደር ሰዎች ስለ ነበሩ ዕቃውን ከነስሙ ከነሱ ተቀበሉ። «ሩክዛክ» የሚለውን የጀርመን ቃል፣ እሱም የጀርባ ከረጢት ማለት ነው፣ እንዳለ ወሰዱት፤ ዛሬ የለንደን ተማሪ እንደ ቆሎ ተማሪ አኩፋዳ አንግቦት ሲሄድ ከጀርመን የመጣ ቃል መሆኑን አያስብም። በጫማ ሥር የሚታሰረውን ጥርስ ያለውን ብረት ጀርመኖች «ሽታይግአይዘን» ማለት የመውጫ ብረት ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን ከፈረንሳይኛ «ክራምፖን» የሚለውን መርጠዋል። በገመድ ወደ ታች መውረድን ጀርመኖች «አብዛይለን» ይሉታል፤ «አብ» ወደ ታች፣ «ዛይል» ገመድ ነውና። ብሪታኒያ ይህን ቃል ወስዳ «አብሴይል» አለችው፤ አሜሪካ ግን ከፈረንሳይኛ «ራፔል» የሚለውን ወሰደች፤ ይህም መልሶ መጥራት ማለት ነው፤ ወራጁ ታች ከደረሰ በኋላ ገመዱን ወደ ራሱ ስቦ ይመልሰዋልና። ሥራው አንድ ነው፤ ጀርመኑ የሰውየውን መውረድ ተናገረ፤ ፈረንሳዩ የገመዱን መመለስ ተናገረ። ተርጓሚው በዝርዝራቸው ላይ ሁለቱንም የእንግሊዝኛ ስሞች ጎን ለጎን ጻፉ፤ መሪው ከማን ጋር እንደሚወርድ አስቀድሞ አይታወቅምና።

ከዕቃው ስም ወደ ተራራው ስም ሲሻገሩ ሌላ ነገር ተገለጠ። ጀርመኑ የተራራን ቀጥ ያለ ገጽ «ቫንት» ይለዋል፤ ግድግዳ ማለት ነው። እንግሊዙ ያንኑ «ፌስ» ይለዋል፤ ፊት ማለት ነው። አማርኛ ደግሞ ገደል ይለዋል። የአልፕስ ሰው መንደሩ በሸለቆ ውስጥ ነው፤ ቀና ሲል ግድግዳ ተገትሮበት ያያል። የኢትዮጵያ ደገኛ ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱና እርሻው ከላይ ነው፤ ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ያያል፤ ስለዚህ ገደል ሲል የዐለቱን ቁመትና የባዶውን ጥልቀት ባንድ ቃል ይናገራል። ከገደል መውደቅ የተለመደ አነጋገር ነው፤ ገደል መውጣት ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። ቃል ነገሩን ብቻ አይናገርም፤ ተናጋሪው የት እንደ ቆመም ይናገራል።

በሁለት ተራሮች መካከል ያለውን ዝቅ ያለ መሻገሪያም እንዲሁ ነው። ጀርመኑ «ዮኽ» ማለት ቀንበር ይለዋል። እንግሊዙ ባንድ በኩል ከፈረንሳይኛ የተወሰደውን «ኮል» የሚለውን ቃል፣ ባንድ በኩል ደግሞ ኮርቻ የሚል ትርጉም ያለውን «ሳድል» የሚለውን ቃል ይጠቀማል። በአማርኛ ግን በር ነው። ወደ ደሴ ዕቃ ጭነው ከመርካቶ የሚነሡት የጭነት መኪናዎች ከደብረ ብርሃን ወዲያ በጣርማ በር ያልፋሉ። ደጋውን ትቶ ወደ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ ቦታው በእውነት የአገር በር ነው፤ ያንን ያየ ሰው ቀንበርም ኮርቻም አይለውም። ስለዚህ «ዮኽ» የሚለውን በቁሙ ቀንበር ብሎ የሚተረጉም ሰው ቃሉን ተርጉሞ መንገዱን ያጠፋል።

የመውሰድና የመስጠት ነገር ባንድ ወገን ብቻ የሆነ እንዳይመስል፣ ኢትዮጵያም ለአውሮፓ የሰጠችው የተራራ ቃል አለ። ዙሪያው ገደል፣ ራሱ ሜዳ የሆነውን ተራራ የሚጠራ አንድ የተመቸ ቃል ጀርመኑም እንግሊዙም በማጣታቸው አምባ የሚለውን እንዳለ ወስደው ስለ ኢትዮጵያ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ይጽፉታል። ከነዚህ ጸሐፊዎች ቀደምት የሆነው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። እሱም በ1649 በሮማ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ተጠርተው ወደ ጎታ ሄዱና ከሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋቸው አስረዱት። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጽፎ በ1681 አሳተመ፤ መጽሐፉም በሚከተለው ዓመት በእንግሊዝኛ ወጣ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ተራራዋና ስለ ቋንቋዋ ይህን ያህል ለመጻፍ የቻለው፣ ከመጽሐፍ ሌላ ቃሉን በአፉ የያዘውን ሰው ከፊቱ አስቀምጦ ስለ ጠየቀ ነው።

እንዲህ ያለ ጠያቂ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ራስ ደጀን ያሳያል። ከፍታው ከ4500 ሜትር በላይ የሆነው ይህ የኢትዮጵያ ትልቅ ተራራ በአገሩ ሰው አፍ ደጀን ነው፤ ደጀንም ከኋላ ሆኖ የሚደግፍና የሚጠብቅ ማለት ነው። በባዕድ ካርታና መጽሐፍ ላይ ግን ዳሽን ተብሎ ተጻፈ። ያ ስም ተመልሶ ወደ አገሩ ገብቶ ዛሬ በከተማው የንግድ ስም ሆኖ ይነበባል። ትርጉም የነበረው ቃል ወጥቶ ትርጉም የሌለው ቃል ተመለሰ።

በስም ላይ የደረሰ ጥፋት ሰው አልገደለም ይባል ይሆናል። የሚከተለው ነገር ግን በሰው ላይ የደረሰ ነው። በስዊስ አገር አይገር የሚባል ተራራ አለ። በሐምሌ ወር 1936 ሂንተርሽቶይሰርና ኩርትስ የተባሉ ሁለት ጀርመኖች፣ አንገረርና ራይነር የተባሉ ሁለት ኦስትሪያውያን በሰሜን ገደሉ ሊወጡ ጀመሩ። ሂንተርሽቶይሰር ለስላሳውን ዐለት በገመድ እየተደገፈ አግድም ተሻገረ፤ ሌሎቹም ከተሻገሩ በኋላ ገመዱን ስበው ወሰዱት። ሊመለሱ ሲሉ ዐለቱ በበረዶ ተለብጦ ስለ ነበር መሻገር አልቻሉም። በሌላ በኩል ሊወርዱ ሲሞክሩ ሦስቱ ሞቱ፤ ቶኒ ኩርትስ ብቻ በገመድ ተንጠልጥሎ ቀረ። በተራራው ውስጥ በሚያልፈው የባቡር መንገድ መስኮት ወጥተው ሊያድኑት የመጡት መሪዎች ከበታቹ ደረሱ፤ ሊነኩት ግን አልቻሉም። እሱም አንድ እጁ በብርድ ደርቆ ሳለ የገመዱን ፈትል እየፈታ ቀጣጥሎ ቁልቁል ሰደደላቸው፤ እነሱም በፈትሉ ላይ ገመድ አሰሩለት፤ አንዱ ባይደርስ ሁለተኛውን ቀጠሉበት። በዚያ ገመድ ሲወርድ የቅጥሉ ቋጠሮ ከ«ካራቢነሩ» ደረሰና ተወተፈ፤ አላልፍ አለ። ኩርትስ ደከመ፤ መዳኛው ጥቂት ሜትር ሲቀረው እዚያው ሞተ።

የዚህ ሰው ሞት በአንድ የብረት ዕቃ ውስጥ ስላለፈና ስላላለፈ ነገር ነው። «ካራቢነር» የሚለው ስም ካራቢን ከሚባለው አጭር የፈረሰኛ ጠመንጃ የመጣ ነው፤ ወታደሩ ጠመንጃውን ከጠፍሩ የሚያያይዝበት ብረት ነበረና። የተራራው ካራቢነር ዙሪያውን የተዘጋ፣ ባንድ ወገኑ በምላስ የሚከፈትና ራሱ የሚዘጋ ቀለበት ነው። እንግሊዞች ስሙን እንዳለ ተቀብለዋል። አንድ ተርጓሚ ባዕድ ቃል እጸየፋለሁ ብሎ መንጠቆ ብሎ ቢመልሰው፣ አንባቢው አፉ ክፍት የሆነ መንጠቆ በልቡ ይሥላል፤ «ገመዱን ለምን ከመንጠቆው አላነሣውም?» ብሎም ይፈርዳል። ያን ጊዜ ባልተጠነቀቀ ቃል ምክንያት፣ የሚቻለውን ሁሉ ያደረገው ሟች እንደ ሞኝ ይቆጠራል። ሕያው ቢወቀስ አፍ አለው፤ ሟች ግን የሚከራከርለት የተርጓሚው ቃል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሽማግሌው በዝርዝራቸው ላይ ካራቢነር የሚለውን በስሙ ተዉት፤ ከሥሩም «ምላስ ያለው፣ ራሱ የሚዘጋ የብረት ቀለበት» ብለው በአማርኛ ፈቱት።

ይሁን እንጂ ሁሉን ቃል እንዳለ መውሰድ ትርጓሜ አይባልም። በዚያው ገደል በ1938 ወደ ራሱ ከደረሱት ከአራቱ ሰዎች አንዱ የነበረው ሃይንሪሽ ሃረር ስለ ገደሉ መጽሐፍ ጻፈ፤ በገደሉ ላይ እግሮቿን ዘርግታ በምትታይ በረዶ ስም ነጭ ሸረሪት ብሎ ሰየመው። ህዩ ሜሪክ በ1959 ይህን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ስሙን በቀጥታ ሸረሪት አለው፤ ትክክልም ነው፤ ሸረሪት በሁሉ አገር ሸረሪት ናትና። በአምሳያ የተሰጠ ስም ሲተረጐም ዓይኑ አይጠፋም።

አንዳንዱ ግን በአምሳያ ሳይሆን በድምፅ የቆመ ነው። የሰሜን ገደል በጀርመንኛ «ኖርትቫንት» ይባላል፤ ሰዎች ከሞቱበት በኋላ አንድ ፊደል ለውጠው «ሞርትቫንት» አሉት፤ የነፍሰ ገዳይ ገደል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለመመለስ ቢሞክር ትርጉሙን አገኘ፤ ጨዋታውን አጣ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይደክምም፤ ኅብረ ቃል ከግዕዝ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲወጣ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁም ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚበጀው ቃሉን በቦታው ትቶ ከጎኑ መፍታት ነው፤ የትርጓሜ መምህራንም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የበረዶ ቃላት ሲመጡ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ረዳ። በከተማው አማርኛ ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር፣ በተራራ ላይ የሚከመረውም ብናኝ፣ የረጋውም ውሃ ሁሉ በረዶ ይባላል። ጀርመንኛ ግን እያንዳንዱን ይለያል፤ ከርሞ የጠነከረውንም በረዶ «ፊርን» ብሎ ለብቻው ይጠራዋል። የግዕዝ መጻሕፍት ደግሞ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ ብለው ለይተው ይጽፋሉ፤ በአማርኛም አመዳይና ውርጭ የሚሉት አሉ። ደሃ ነው የሚባለው ቋንቋ ብዙ ጊዜ ደሃ ሳይሆን ሣጥኑ ያልተከፈተ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል ነበር፤ ይኸውም በገመድ የታሰሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል ነው። ከላይ የደረሰው ጀርመን «ሽታንት» ይላል፤ ጽኑ መቆሚያ አገኘሁ ማለቱ ነው፤ ከዚያ «ናኽኮመን» ብሎ ተከታዩን ይጠራል። የብሪታኒያ ተራራ ወጪ በመጀመሪያው ፈንታ «ሴፍ» ይላል፤ ከአደጋ ወጣሁ እንደ ማለት ነው። እነዚህ ቃላት አጭር ሆነው የተመረጡት በነፋስ መካከል እንዲሰሙ ነው። አማርኛ ግን ትእዛዝን በጾታ፣ በቁጥርና በክብር ይለያል፤ ለወንዱ ሳብ፣ ለሴቲቱ ሳቢ፣ ለብዙዎች ሳቡ፣ ለሽማግሌ ይሳቡ ይባላል። በገደል ላይ ግን ለክብር የሚሆን ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት በአንድ ቃል መስማማት ያስፈልጋቸዋል። ከዚህም የባሰ አለ። አትልቀቅና ልቀቅ የሚለያዩት በፊተኞቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ነው፤ ነፋስ የቃሉን መጀመሪያ ቢነጥቀው ከላይ «አትልቀቅ» የተባለው ከታች «ልቀቅ» ሆኖ ይደርሳል። ተርጓሚው ይህን ባሰቡ ጊዜ የእንግሊዝኛውን ቃል ጽፈው ከአጠገቡ፣ «በአማርኛ ከሆነ አትልቀቅ አትበሉ፤ ያዝ በሉ» ብለው አስጠነቀቁ።

በመጨረሻ የቀረው ቃል «ዚኸርን» የሚል ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ገመዱን ይዞ፣ ወጪው ቢወድቅ እንዲያቆመው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበት ሥራ ነው። ጀርመኑ ከደኅንነት ስም አውጥቶ፣ ደኅና ማድረግ ይለዋል። እንግሊዙ ከመርከበኞች ወስዶ «ቢሌይ» ይለዋል፤ የመርከብን ገመድ ጠምጥሞ ማጽናት ማለት ነበር። ዝርዝሩ የሚፈልገው እንግሊዝኛ ይህ ስለ ሆነ ይህንኑ ጻፉ። የአማርኛው ፍች ግን ከበዳቸው። መያዝ ቢሉ አነሰ፤ መጠበቅ ቢሉ ራቀ።

ነገሩ ራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በትግራይ በደብረ ዳሞ፣ በአቡነ አረጋዊ ገዳም፣ ወደ ላይ የሚያደርስ ደረጃ የለም። ወንዶች ብቻ፣ ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ተንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ሁለተኛ ገመድ ደግሞ በእንግዳው ወገብ ላይ ይታሰርና ከላይ ሆኖ አንድ መነኵሴ ይስበዋል። በኤኖ ሊትማን መሪነት በ1906 ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ደብረ ዳሞንም መርምሯል። የጀርመን ተራራ ወጪዎች በመጽሐፍ የሚያስተምሩትን ጥበብ መነኮሳቱ በእጃቸው ሲሠሩት ኖረዋል። እንግዳው መነኵሴውን አያውቀውም፤ መነኵሴውም እንግዳውን አያውቀውም፤ ነፍሱን ግን በእጁ ይዟል።

ተርጓሚው ይህን ሲያስቡ የባለ ሱቁ ቃል ትዝ አላቸው። በመርካቶ ገንዘብ የሌለው ሰው ዕቃ በዱቤ የሚወስደው ዋስ ሲጠራ ነው። ዋሱ ዕቃውን አይሸከምም፤ ትርፉንም አይካፈልም፤ ተበዳሪው የወደቀ እንደ ሆነ ግን ውድቀቱ በእሱ ላይ ይደርሳል። ገመድ ያዡም እንዲሁ ነው፤ ተራራውን የሚወጣው ሌላው ነው፤ ቢወድቅ ግን ክብደቱ የሚመጣው በያዡ ላይ ነው። ስለዚህ «ቢሌይ» ከሚለው ቃል ጎን «ዋስ መሆን» ብለው ጻፉ። የመርከበኛው ቃል ስለ ገመዱ ይናገራል፤ የጀርመኑ ቃል ስለ ውጤቱ ይናገራል፤ የመርካቶው ቃል ግን ገመዱን ስለ ያዘው ሰው ይናገራል።

ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያሻግር ሰውም በዚሁ ስም ሊጠራ ይገባዋል። አንባቢው የጀርመንኛውን መጽሐፍ አላየም፤ ሊያመሳክርም አይችልም፤ የተሰጠውን ቃል አምኖ እግሩን በዐለቱ ላይ ያኖራል። ቃሉን ከሚያውቀው አፍ ያልጠየቀ፣ ዕቃውንም በዓይኑ ያላየ፣ የሚሸከመውንም ክብደት ያልመዘነ ተርጓሚ ከፍሎ የማይጨርሰውን ዋስትና ይፈርማል። ሽማግሌው ዝርዝሩን ጨርሰው ለእኅታቸው ልጅ ሲሰጡት አንድ ነገር ብቻ አዘዙት፤ ቃሎቹን ሁሉ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዝቅተኛ ዐለት ላይ፣ ቢወድቁ በማይጎዱበት ስፍራ፣ ጮኸው እንዲፈትኗቸው፣ ለጆሮ የከበደውንም እንዲያመለክታቸው ነው።